ለዴንማርክ ንግሥት የተቀመጥነው ለቅሶ

የብስኩት ቆርቆሮ ናት። ክዳኗ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ዳር ዳሩን ዝገት በልቶት ሰማያዊው መሐል ላይ ብቻ ቀርቷል። ብስኩት ከያዘች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ቁልፍ፣ መርፌ፣ የጠመኔ ስባሪና የዘቦ ክር ነው የማኖርባት። ዘቦ ያ ወርቅ የሚመስለው የካባ ክር ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ቄሶቹ የተተረተረ ካባቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የቄስ ካባ እሰፋለሁ፤ እዚህ አገር ይኼ ማንንም ገርሞት አያውቅም። ዘንድሮም ክሩን ፍለጋ ክዳኗን ከፈት ሳደርግ፣ ወላሂ፣ ያ የቅቤና የስኳር ሽታ አለ። ልጄ ዘሀራ «አባ፣ የዝገት ሽታ እኮ ነው» ትለኛለች። እሷ አፍንጫዋን ጉንፋን አያጣውም። እኔ ግን ሽታው ሲመጣብኝ የስፌት መኪናዬን መርገጥ እተውና ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ከተማችን መካነ ሰላም ተመልሳ ትንሽ ትሆንልኛለች።

ትንሽ ነበረች። ዛሬ የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ማዕዘን ያኔ የእኔ በረንዳ ነበር። ከጎኔ ጨው ነጋዴ፣ ከጨው ነጋዴው ወዲያ አንዲት ትልቅ ወይራ፣ ከወይራዋ ሥር ደግሞ ከአጅባር የሚመጡ ነጋዴዎች በቅሏቸውን ያስሩ ነበር። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ አሥር እንቁላል በስሙኒ። ሱሪ በአንድ ብር እሰፋለሁ፤ ሱሪው የኋላ ኪስ ካለው ስሙኒ እጨምራለሁ። ጎረምሳው ሁሉ ደሴ ላይ ባየው ፋሽን ሱሪው ከታች እንደ ደወል ሰፋ እንዲልለት ይፈልጋል፤ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት አገር! የደጋው ሰው ባናውን ደርቦ፣ የቆላው አቡጀዴውን አጣፍቶ በገበያ ቀን ሲጎርፍ፣ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ክራር ይሰማል፤ ከመስጊዱ በኩል መንዙማውን ነፋስ ያመጣዋል። ሁለቱ እኔ በረንዳ ላይ ይገናኙ ነበር። ያንን ያህል ሰላም ያለበት ቦታ ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም፤ ወይም ወጣት ስለነበርሁ ይሆናል።

በዚያ ሰሞን ነው ሲስተር ኢንገር የመጣች። ከገበያው በላይ ለተከፈተችው ክሊኒክ ነርስ ሆና ከዴንማርክ። ከደሴ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተንገላታ ስትወርድ ፊቷ አቧራ፣ ዓይኗ ብቻ ሰማያዊ ነበር። አጭር ናት፤ ስትሄድ ግን ረጅም ሰው አይደርስባትም። አማርኛውን ከበሽተኛ ስለለቀመችው መጀመሪያ የቻለችው «የት ጋ ነው የሚያምህ?» የሚለውን ነው፤ ሰላምታዋም እሱው ነበር። በረንዳዬ መጥታ እጇን ዘርግታ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ስትለኝ፣ «ኪሴ ጋ» አልኳት። ምን እንዳልሁ በሦስተኛው ወር ገባትና ተመልሳ መጥታ ሳቀችልኝ።

አንድ ቀን ከመጽሔት የተቀደደች ገጽ ይዛ መጣች። በገጿ ላይ አንዲት ረጅም ወጣት ሴት አለች፤ አንገቷ መለል ያለ፣ ጥርሷ እንደ ሰርገኛ የሚስቅ።

«እንዲህ ያለ ቀሚስ ስፋልኝ» አለችኝ።

«ማናት?»

«ንግሥታችን ናት። ንጉሡ አባቷ በቅርቡ ሞተው እሷ ነገሠች።»

ወዳጄ መሪጌታ በላይ ካባ ሊያስለካ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። በእድሜ እኩያዬ ነው፤ ያኔም ዛሬም ሳይጠየቅ ይመልሳል። «ወንድም የላትም እንዴ?» አላት።

«የላትም። ሦስት ሴቶች ናቸው። ድሮ ሴት አትነግሥም ነበር፤ እሷ ልጅ ሳለች ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉ ተቀየረ።»

«ደግ አደረጉ። እኛም ንግሥት ነበረችን።»

«ሲጋራም ታጨሳለች» አለች ኢንገር በኩራት።

መሪጌታ አማተበ። «ንግሥት?»

«አዎ። በሰው ፊት።»

«እንድሪስ፣ ይኼን ቀሚስ እንዳትሰፋው፤ ጢስ ጢስ ይልሃል» አለኝ። ያለው እንዲህ ነው፤ ጨርቁን የሰጠው ግን እሱ ነው። ለካባ ከመጣው አረንጓዴ ከፈይ የተረፈ ነበረው፤ «እግዜር ቁራጭ አይቆጥርም» ብሎ ጠቅልሎ አመጣልኝ። እኔም ኢንገርን መለካት አፈርሁና ልኩን ከፎቶው ገምቼ ቆረጥሁ። ያች ንግሥት ባሕር ዛፍ ናት፤ ኢንገር ደግሞ ጉቶ። ቀሚሱ አንድ ክንድ መሬት ጠረገ። ጨርቁን አልቆርጥም ብዬ ድርቅ አልሁ፤ ከፈይ አይቆረጥም፣ ይታጠፋል። ሁለት እጥፍ አድርጌ ሰፋሁት። የንግሥቲቱ ልደት ቀን ኢንገር እሱን ለብሳ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ የአገሯን መዝሙር ብቻዋን ዘመረች። ከአገሯ የተላከላትን ብስኩት ለተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ አንዳንድ አደለች። ቆርቆሮው ይኼ ነው። የንግሥቲቱንም ፎቶ በዱቄት ሙጫ ክዳኑ ውስጥ ለጠፈቻት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ትስቃለች።

እንግዲህ ቅሬን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ አገር ቅሬ ማለት መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ባንድ ላይ ሆኖ ሰው የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ዳኛው ጥሪ ነጋሪ ይልካል፤ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ከቀብር መልስ ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ወደ ቅሬ የሚገባ ሰው ዘመዶቹን ያስጽፋል፤ ከተጻፉት አንዱ የትም አገር ቢሞት ድንኳኑ ይተከልለታል። እናቴ የሞተች ጊዜ ኢንገር ሦስቱን ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ አየች፣ ሰማች፣ በአራተኛው ቀን ለዳኛው «እኔም ልግባ» አለች። ዳኛው አባቴ ነበር። ደረቅ ሰው ነው፤ እኔ ከየት አመጣሁት መሰላችሁ።

«ዘመድሽን አስጽፊ» አላት።

«የለኝም። እናት አባቴ በሕፃንነቴ ሞቱ፤ ያሳደገችኝ አክስቴም ሞተች።»

«ሰው ያለ ሰው አይጻፍም። ቅሬ ዛፍ አይመዘግብም።»

ኢንገር አሰበች። ከዚያ ቀና ብላ «እንግዲያው ንግሥቴን ጻፉልኝ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «አሳደገችሽ?» አላት። «አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር በሬዲዮ ሁላችንንም ታነጋግረናለች። ብቻውን ያለውን ሰው ሳትረሳ» አለችው። አባቴ ወደ መሪጌታ ዞሮ «ጻፍ» አለ። መሪጌታም በዚያ በሚያምር እጁ «ኢንገር፤ ዘመዷ የዴንማርክ ንግሥት» ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። «ውል ነው» አለ አባቴ። አለቀ።

ኢንገር የሄደችበትን ዓመት አልጠራም፤ ያን ዓመት ብዙ ሰው ሄዷል፣ የሄደውም ሁሉ በመኪና አልሄደም። ዘሀራን አዋልዳ፣ ስሟን ሦስቴ ጠርታ፣ ቆርቆሮውን ለሚስቴ ሰጥታ በጭነት መኪና ወጣች። ከዚያ ደብዳቤ በደሴ በኩል በዓመት አንዴ ይመጣ ነበር፤ መሪጌታ ያነብልኛል። ንግሥቲቱ ሁለት ልጆች አሏት፣ ሥዕል ትሥላለች፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስ በገዛ እጇ ትጠልፋለች ብላ የጻፈችልን ለት መሪጌታ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «አንተ፣ ሙያተኛ ናት ለካ! ሲጋራውን ይቅር ብያታለሁ» አለ። እኔማ ከዚያ ወዲያ ዘቦ ክር መርፌ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር፣ ከባሕር ማዶ አንዲት ረጅም ሴት እንደኔው ክሩን በከንፈሯ አርጥባ በመስኮት ብርሃን ስትሰካ ትታየኝ ጀመር። መንግሥት ሄደ መጣ፣ እሷ እዚያው ናት። ዋጋ ወጣ፣ ደወሉ ሱሪ ጠበበ፣ እንደገና ሰፋ፣ እሷ እዚያው ናት። ደብዳቤው አንድ ዓመት ቀረ፣ በሁለተኛውም ቀረ። ደብዳቤ ሲቀር ሰው ሞተ አይባልም፤ መንገዱ ሞተ ይባላል።

አባቴ በዳኝነቱ እንዳለ ሞተ። ከመቃብሩ መልስ እኔን ድንኳኑ ራስ ላይ አስቀመጡኝ፤ ያባቴ ምንጣፍ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። በእኛ ቅሬ ዳኝነት የሚለቀቀው በቃሬዛ ነው፤ ሌላ መንገድ ሰምቼም አላውቅ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆየሁበት። ቶሎ ያልመጣውን ቀጥቻለሁ፣ የተጣላውን አስታርቄአለሁ። ምክትሌ ከድር ነው፤ እህል ነጋዴ፣ ሃምሳ ያለፈው፣ ዝምተኛ። ድንኳን የሚተክለው እሱ፣ ቆፋሪ የሚያዝዘው እሱ። ሰዎች «ጋሼ እንድሪስ፣ አሁንስ ቢያርፉ» ሲሉኝ ከድር የላካቸው ይመስለኝና ለሳምንት አኮርፈዋለሁ።

አሁን የምናገረውን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ሀሰን የሚባል ገበሬ አባላችን ሌሊት ሞቶ ጎሕ ሲቀድ መልእክተኛ መጣብኝ። «ሂድ፣ ጥሪ እልካለሁ» አልኩት። አንዲት ሱሪ ነበረችኝ፤ እግሯን ልጨርስ ብዬ መኪናው ላይ ተቀመጥሁ። ረሳሁት። አልዋሽም፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ረሳሁት። ያስታወስሁት ለዝሁር ሰላት ውዱእ ሳደርግ ነው። ስንደርስ ሀሰንን አራት ጎረቤቶቹ በዝናብ ቀብረውት ጨርሰዋል። ሚስቱ ዘይነባ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ቅሬ ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም። ሁሉም ወደ እኔ ሲያይ ከድር ቀደመኝና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጋሼ ነግረውኝ ነበር» አለ። እኔም ዝም አልሁ። ዝም አልሁና መቀጫውን እሱ ቅሬው ፊት ቆሞ ሲቀበል፣ የፈረድሁት እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው እንግዲህ፣ በጥር፣ መንገዱም ኔትወርኩም ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን። ካባ እየጠገንሁ ሬዲዮው የዓለም ዜና ይላል። የዴንማርክ ንግሥት ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቀመጡበትን ዙፋን ለቀቁ፣ ልጃቸው ነገሡ አለ። መርፌው ከእጄ ወደቀ። «ኢና ሊላሂ» አልሁ። ዙፋን ሰው እንዴት እንደሚለቅ አውቃለሁ። ክዳኑን ከፍቼ አየኋት፤ ትስቃለች። ከድርን አስጠራሁ።

«ጥሪ ላክ። ድንኳን ይተከል።»

«ማን ሞተብን ጋሼ?»

«የኢንገር ንግሥት።»

ከድር ራሱን አከከ። «ሲስተር ኢንገር ከሄደች እኮ ሃምሳ ዓመት ሊሆን ነው።»

«ከመዝገቡ ተፍቃለች?»

«አልተፋቀችም።»

«እንግዲያው ላክ።»

«ለቀስተኛው መጥቶ ማንን ያጽናና?»

«እኔን» አልኩት። ልቤ ውስጥ ያለውን ግን አልነገርኩትም፤ የሀሰንን ጥሪ ረስቻለሁ፣ ይቺንም ብረሳ ሰው አይደለሁም።

መጡ። ከቀልቤ የማይጠፋው ይኼ ነው፤ በዚያ ውርጭ፣ እህል አውድማ ላይ ተበትኖ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለለቅሶው ማገዶ እንጨታቸውን ተሸክመው መጡ። ወጣቶቹ «ሟችን ያውቋቸው ነበር ወይ?» ሲሉኝ «በክዳን» እላለሁ፤ ቆርቆሮዋን ከፍቼ እጅ በእጅ አዞርኋት። ሼኹ ዱዓ አደረጉ። መሪጌታ ስለ ከፈዩ ቀሚስ፣ ስለ ሲጋራው፣ ስለ ጥልፉ ተረከ፤ ኢንገርን ያስታወሱ ሁለት ባልቴቶች እውነተኛ እንባ አፈሰሱ። ዘይነባም መጣች። የባቄላ ንፍሮዋን አስቀምጣ «አላህ ያጥናዎት ጋሼ» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘሀራ ነጠላዋ እየተጎተተ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። እኔ ያሳደግኋት የሃምሳ ዓመት መምህርት ናት፣ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

«አባ! አልሞተችም!»

«ማ?»

«ንግሥቲቱ! ዲሹ ላይ በዐረብኛ ዜና እያሳዩዋት ነው። ኑ!»

ድንኳኑ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ዘሀራ ቤት ጎረፈ። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ በመስኮት ተንጠለጠለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ራሱ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ጸጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ተጨማዷል፤ ጥርሷ ግን ያው ነው፣ አወቅኋት። ወረቀት ላይ ፈረመች። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ከወንበሩ ወጣችና ለልጇ ተወችለት። ማንም አልደገፋትም፤ ቀስ እያለች ወደ በሩ ሄደች። ልብ ያልሁት ትከሻዋን ነው። እንደዚያ ልክ የተሰፋ ትከሻ አይቼ አላውቅም።

መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንድሪስ፣ ሟቿ ካንተ በተሻለ ትራመዳለች።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም። «ማን ገፋት?» አልኳት ዘሀራን።

«ማንም። ጀርባዋን ታማ ከታከመች ወዲህ አስባበት፣ ራሷ ነች የተወችው ይላሉ።»

«ሳትሞት?»

«ሳትሞት፣ አባ።»

ወደ ድንኳኑ ተመለስን። ሰው ይነሣ ወይስ ይቀመጥ ግራ ገብቶት የእኔን አፍ ይጠብቃል። ራሱ ላይ፣ ያባቴ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ እንደገና ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ሁለቴ አስጮኸኝ። «ባለፈው ክረምት ለሀሰን ጥሪ ያልላክሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ከድር አይደለም። መልእክቱ ደርሶኝ ረሳሁት። ከድር ሲቀጣም ዝም አልሁ።» ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ከምንጣፉ ወርጄ መሐላቸውን አቋርጬ በሩ አጠገብ፣ እንጨት የሚከመርበት ጋ ሄጄ ተቀመጥሁ። ያች ድንኳን እንደዚያ ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ዘይነባ ናት፣ ከሴቶቹ በኩል። «ጋሼ፣ የዚያኑ ለት አውቄዋለሁ። ከድር መዋሸት አይችልበትም፤ ጆሮው ይቀላል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ራስዎ እስኪነግሩኝ ነዋ። ቆዩ እንጂ።»

ከድር ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬት ያያል። ምንጣፉ ባዶውን ነው። «ተቀመጥ እንጂ አንተ!» አለው መሪጌታ። «ድንኳን ራስ ሳይኖረው ያድራል?» ከድር ወደ እኔ አየ። እኔም እንጨቱን እያስተካከልሁ «ምንጣፉ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜም ፈረደ። «ሟች ስለሌለ ለቅሶው አሁን ይነሣል፤ ሰው አውድማ አለበት» አለ። «ውሉ ሦስት ቀን ነው!» ብዬ ጮህሁ ከበር። «ጋሼ፣ ፈርጃለሁ» አለኝ በለሆሳስ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሼኹም መሪጌታም ተነሥተው ለዚያች ሴት ዕድሜና አፊያ ለመኑላት፤ ድንኳኑ በሙሉ «አሚን» አለ። ኢንገር ይኼን ብትሰማ ቀሚሷን ሰብስባ በሳቅ ትወድቅ ነበር። ካለች።

አሁን ጥሪ ሲነገር ከሌላው ሰው ጋር እኩል እወጣለሁ። አንድ ፍልጥ እይዛለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ከድር ጥሪ አይረሳም፤ ደብተር ኪሱ አለች። ትናንት የተጠገነውን ካባ መሪጌታ ይዞ ሲሄድ ከድር በበረንዳዬ አለፈ፣ ጠራሁት።

«የንግሥቲቱን ስም ከመዝገቡ ፍቀኸዋል እንዴ?»

«አልፋቅሁም፣ ጋሼ። ከጎኗ ብቻ ‹በሕይወት አለች› ብዬ ጽፌባታለሁ።»

«ከኢንገርስ ጎን?»

«ባዶ ነው። ሳላውቅ ምን እጽፋለሁ?»

«ከእኔስ?»

«ያንቱም እንደ ንግሥቲቱ ነው።»

ክሩን ወደ ቆርቆሮዋ መለስሁ፤ ክዳኗን ከመግጠሜ በፊት አንዴ አሸተትሁ።